በ«አንተ» እና በ«አንቺ» መካከል፦ የ«ፕራይቬት ሮሜዮ» ፊልም ግምገማ

«ፕራይቬት ሮሜዮ» አለን ብራውን ጽፎ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ለእይታ የበቃና አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ የማይሞላ የአሜሪካ ፊልም ነው። የሼክስፒርን «ሮሜዮና ዡልዬት» ከጣሊያኗ ቬሮና አንሥቶ ወንዶች ብቻ በቀሩበት የወታደራዊ አዳሪ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ዡልዬትም በዚያው ግቢ የሚማር፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት ናት፤ ወይስ ወጣት ነው ልበል? ፊልሙን ገና ሳስተዋውቅ አማርኛ ምርጫ ላይ ጣለኝ። ይህ ግምገማም በአብዛኛው ስለዚያ ምርጫ ነው።

ዲስኩን የሰጠኝ ከውጭ አገር ለእረፍት የመጣው ያክስቴ ልጅ ነው። በጋዜጣ ጠቅልሎ እጄ ላይ ካኖረው በኋላ «ጋሼ፣ በጆሮ ማዳመጫ ይዩት» አለኝ። ምክሩ ተገቢ ነበር። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ የጎረቤቴ ሳል ከእኔ ሳል ተለይቶ የማይታወቅበት ቤት ነው። መጋረጃዬን ጋርጄ ተቀመጥኩ። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 ከተመሳሳይ ፆታ ጋር የሚፈጸም ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል፤ አንቀጹ ስለ ድርጊት እንጂ ስለ ፊልም አይናገርም፤ ሰውን መጋረጃ የሚያስጋርደው ግን ሕግ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ ጽሑፍ «የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር» እያልኩ የምጽፈውም ፊልሙ ስለ ፍቅር ስለሆነ ነው፤ የሕጉን ቃል የሚመርጥ አንባቢ በሕጉ ውስጥ ያገኘዋል።

ታሪኩ የሚጀምረው ክፍል ውስጥ ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች ለመስክ ልምምድ ሲወጡ ስምንት ወጣቶች ብቻ ግቢው ውስጥ ይቀራሉ፤ በትምህርታቸውም ያንኑ የሼክስፒር ተውኔት ተራ በተራ ጮክ ብለው ያነባሉ። ቀስ በቀስ ቃሉ ከመጽሐፉ ወጥቶ አፋቸው ላይ ይቀራል፤ በኮሪደሩም በመኝታ ክፍሉም እርስ በርስ የሚነጋገሩት በአራት መቶ ዓመቱ እንግሊዝኛ ይሆናል። ሴዝ ነምሪክ የሚጫወተው ሳም ሮሜዮን፣ ማት ዶይል የሚጫወተው ግሌን ዡልዬትን ይሆናሉ። የርዕሱም ቃል ሰምና ወርቅ አለው፤ «ፕራይቬት» በአንድ በኩል ተራ ወታደር፣ በሌላ በኩል ከሰው ዓይን የተሰወረ ማለት ነው። ወርቁን ለመቆፈር ብዙ አያደክምም፤ እኔ ግን ለዚህ ርዕስ ሁለቱንም የሚይዝ የአማርኛ ቃል ፈልጌ አጥቻለሁ።

እንጀራዬ የባዕድ አገር ተከታታይ ድራማዎችን ለድምፅ ተዋንያን ወደ አማርኛ መመለስ ነው። ከዚህ የተነሣ ማናቸውንም ፊልም ስመለከት ታሪኩን በአንድ ዓይኔ፣ ከንፈሩን በሌላው አያለሁ፤ ይህ ፊልም ደግሞ ሁለቱንም ዓይኖቼን አሠርቷቸዋል። እንግሊዝኛ «አንተ»ንና «አንቺ»ን አይለይም። ዡልዬት በሰገነቷ ሆና ሮሜዮን «ትወደኛለህን?» ብላ የምትጠይቅበት ቃል ለሴት ቢነገርም ያው ነው። ብራውን የተውኔቱን ቃል ብዙም ሳይነካ ያለፈው፣ ድፍረቱ እንዳለ ሆኖ፣ ቋንቋው ስለፈቀደለት ነው። ሮሜዮ ስለ ዡልዬት ለራሱ በሚያወራበት ጊዜ «እርሷ» የሚለው ቃል እንዳለ ይቀራል፤ ወጣቱ ወጣቱን እያየ «እርሷ» ይላል። መጀመሪያ ላይ ጆሮን ይጎረብጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን መጎርበጡ ይቀርና ቃሉ የሁለቱ ብቻ የሆነ የምሥጢር መጠሪያ ይመስላል።

አሁን ያንኑ ወደ አማርኛ እናምጣው። «ትወደኛለህ?» ካልን የሚጠየቀው ወንድ ነው፤ «ትወጂኛለሽ?» ካልን ሴት ናት፤ ግሡ ራሱ ይመሰክራል። የሚገርመው ግን እንዲህ ያለው ግሥ የሚያጋልጠው ሰሚውን እንጂ ተናጋሪውን አለመሆኑ ነው። «እወድሃለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ብቻውን ቢቀመጥ እናት ለልጇ፣ ሚስት ለባሏ፣ ወንድም ለወንድሙ የጻፉት ሊሆን ይችላል፤ ማን እንዳለው የሚለየው ድምፅ ሲሰጠው ነው። ይህን ሥራዬ ብዬ በእርሳስ እየጻፍኩ ስሞክረው ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። ግሌን ሳምን የሚያናግርበት ቃል ከዋናዋ ዡልዬት ቃል በአንዲት ፊደል አይለይም፤ የሚያናግረው ያው ወንድ ስለሆነ፣ ከበደ ሚካኤል ተውኔቱን በግጥም ወደ አማርኛ ሲመልሱ ለዡልዬት የሰጧት «አንተ» ለግሌንም እንዳለ ያገለግላል። ፈተናው ሁሉ በሳም ላይ ይወድቃል። ሮሜዮ «አንቺ» ያለውን በሙሉ «አንተ»፣ «ሽ» ያለውን በሙሉ «ህ» ማድረግ ግድ ይሆናል፤ በ«ሽ» ቤት የሚመታው ስንኝ ሁሉ ይፈርሳል። እንግሊዝኛው ሁለቱን አፍቃሪዎች እኩል ሲሸፍናቸው፣ አማርኛ አንዱን ሸፍኖ ሌላውን አደባባይ ያወጣዋል ማለት ነው።

አንድ ማምለጫ ብቻ አለ፤ እርሱም «እርስዎ» ነው። አክብሮት ፆታ የለውም። «ይወዱኛል?»፣ «እወድዎታለሁ» ቢባባሉ ከቃሉ ብቻ ማንም ማንንም ሊለይ አይችልም፤ በማዕረግ መበላለጥ ባለበት የወታደር ግቢ ደግሞ ይህ አነጋገር እንግዳ አይሆንም። ነገር ግን ከተሳሳሙ በኋላ «እርስዎ» የሚባባሉ የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣቶችን የሚያምን ተመልካች ከየት ይመጣል? ስለዚህ እኔ ብሆን እስከ መጀመሪያው ንክኪ ድረስ «እርስዎ» አድርጌ፣ ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር መካከል ወደ «አንተ» አወርደው ነበር። ይህቺ መውረድ እንግሊዝኛው ፊልም ውስጥ የለችም፤ በአማርኛ ግን ከመሳሙ ይልቅ እርሷ ትደምቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። ማንም እንድሠራው አልጠየቀኝም፤ የሚጠይቀኝም ያለ አይመስለኝም።

ሌላው በቱሉ ዲምቱ ዓይን የተለየ ሆኖ የታየኝ የእጅ ነገር ነው። በተውኔቱ ሮሜዮና ዡልዬት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ፣ ተቀባብለው በሚናገሩት አሥራ አራት ስንኝ፣ መዳፍ ለመዳፍ መነካካታቸውን ከተሳላሚ ጸሎት ጋር ያነጻጽሩታል። ለአሜሪካዊ ተመልካች የሁለት ወጣት ወንዶች እጅ ተያይዞ ሲቆይ ነገሩ ያኔውኑ ተነግሮ አልቋል። እዚህ ግን ከሥራ መልስ አደባባዩ ጋር ከታክሲ ስወርድ በየቀኑ ሁለት ጎረምሶች፣ ሁለት ፖሊሶች፣ ሁለት የቀን ሠራተኞች ጣት ለጣት ተቆላልፈው ሲሄዱ አያለሁ፤ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም፤ ጓደኛማቾች ናቸው። ስለዚህ ፊልሙ ለራሱ አገር ሰው በእጅ የተናገረውን ለእኛ አልተናገረም፤ እኔ የገባኝ ነምሪክ መዳፉን ሲያነሣ ዓይኑን ከግሌን ፊት ነቅሎ ወለሉን ማየቱን ሳስተውል ነው። ጓደኛ የጓደኛውን እጅ ሲይዝ ወለል አያይም። የነምሪክ ትወና ዋጋው እንዲህ ያለው ጥቃቅን ነገር ላይ ነው። ዶይል ቃሉን በጠራ ድምፅ ይናገራል፤ ከሁሉም የላቀው ግን የሮሜዮን ጓደኛ የሜርኩሺዮን ቦታ የያዘው ሄል አፕልማን ነው። ቀልዱ ውስጥ ያለውን ቅናት፣ ቅናቱ ውስጥ ያለውን ብቸኝነት እያፈራረቀ ያሳያል።

ዡልዬትን ወንድ ማድረግ እንደ አዲስ ድፍረት ሲወራለት የሚገርመው ካለ፣ ተውኔቱ ሲጻፍም ያው እንደነበረ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1597 ለመጀመሪያ ጊዜ በታተመው በዚህ ተውኔት ዡልዬትን መድረክ ላይ ያወጣት ወንድ ልጅ ነበር፤ በእንግሊዝ ሴቶች በሕዝብ ቴአትር መጫወት የጀመሩት ከ1660 ወዲህ ነው። በእኛም አገር በዘመናዊ ቴአትር መባቻ ሴት ተዋናይ ባልነበረችበት ጊዜ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ ነበር።

ወደ ድክመቶቹ ልለፍ። ተውኔቱ የሁለት ቤተሰቦች ጠብ ነው፤ ስምንት ተማሪዎች ግን ሁለት ቤተሰብ አይሞሉም። አንዱ ወጣት ሁለትና ሦስት ሰው ይሆናል፤ ሞግዚቷም፣ አባትም፣ ቄሱም በእነዚሁ ልጆች አፍ ይናገራሉ፤ ተውኔቱን አስቀድሞ ያላነበበ ተመልካች ማን ለማን እንደተቆጣ ሳይገባው ግማሽ ላይ ይደርሳል። በየመሃሉ ልጆቹ በዘፈን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የሚጫወቱባቸው ቁርጥራጮች አሉ፤ ለመዝናናት የገቡ ይመስላሉ፤ እኔን ግን ከፊልሙ አውጥተውኛል።

ከሁሉም የሚከብደው ድክመት የግድግዳው ነገር ነው። የፍቅር አሳዛኝ ታሪክ ግድግዳ ያስፈልገዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት፣ አብዛኞቻችን ሳናነበው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ በሰማነው «ፍቅር እስከ መቃብር» ግድግዳው ድንጋይ በድንጋይ ሲገነባ እናያለን፤ በዛብህ የድሃ ልጅ ነው፣ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ ነው፤ ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት፤ የዘር ኩራት አለ፣ ባላባትነት አለ። በ«ፕራይቬት ሮሜዮ» ግን ሳምና ግሌን ለምን መደበቅ እንዳለባቸው በግልጽ የሚናገር የለም። የወታደሩ ግቢ ራሱ መልስ እንዲሆን የታሰበ ይመስለኛል፤ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ፍቅራቸውን የገለጡ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን የሚያሰናብትበት «አትጠይቅ፣ አትናገር» የተባለ ሕግ ነበረው፤ የተሻረው ፊልሙ በወጣበት ዓመት መስከረም ወር ነው። የዚያን ጊዜ አሜሪካዊ ይህን ከራሱ ይሞላዋል፤ ዛሬ ፊልሙን የሚያየው የዚያ አገር ወጣት ግን ልጆቹ ከማን እንደሚሸሹ ይጠፋው ይሆናል። እኔን አልጠፋኝም። መጋረጃ ጋርዶ፣ ጆሮውን ደፍኖ ለሚያይ ሰው ደራሲው ያልጻፈው ግድግዳ ከክፍሉ ውስጥ ቆሟል። ይህን ለፊልሙ እንደ ብቃት ልቁጠርለት ወይስ የራሴ ነው ብዬ ልቀንስበት ለረጅም ጊዜ አስቤበታለሁ፤ በመጨረሻ ቀነስኩበት፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ግድግዳውን ለአንባቢ አልተዉትም።

ግሌን የሚያስተኛውን መድኃኒት ጠጥቶ በተኛበት ቦታ ላይ መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል፤ ማያው ወዲያው ጨለመ። በማግሥቱ ማታ መብራት እስኪመጣ ድረስ ሁለቱንም በሐሳቤ ቀብሬያቸው ነበር፤ ሥራ ላይ ሆኜ እንኳ የሳም የመጨረሻ ቃል በአማርኛ እንዴት እንደሚሆን እያሰብኩ አንድ የቱርክ እናት ልጇን የምትቆጣበትን ቦታ አበላሽቻለሁ። ማታ ቀሪውን ስከፍተው፣ ተውኔቱ ሁለቱንም ቢገድልም፣ ብራውን ግን አልገደላቸውም። ሳም ይጠጣል፤ ግሌን ይነቃል፤ ሳምም ይነቃል፤ በመጨረሻም ግሌን አንድ የቆየ የእንግሊዝኛ የፍቅር ዘፈን ይዘፍናል። መጀመሪያ ተናደድኩ። መቃብር የሌለው ሮሜዮ ጨው የሌለው ወጥ ነው ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። በኋላ ግን ዓረፍተ ነገሩን ሰረዝኩት። እንዲህ ያሉ ልጆች በልብ ወለድም በፊልምም ሲሞቱ ብዙ አይተናል፤ አንዱ አዘጋጅ በሕይወት ሲተዋቸው ተውኔቱን መጣሱ እውነት ቢሆንም፣ ለምን እንደጣሰው ይገባኛል። ቅር ያለኝ ሌላ ነው፤ ከነቁ በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ አንድ ቃል አለመናገሩ።

ዲስኩ የአማርኛ የጽሑፍ ትርጉም የለውም፤ የአሮጌው እንግሊዝኛ ደግሞ በእንግሊዝኛ ለተማረም ያስቸግራል። ተውኔቱን በከበደ ሚካኤል አማርኛ አስቀድሞ ያነበበ ሰው ብዙ ያተርፍበታል፤ ያላነበበ ግን መጀመሪያ መጽሐፉን ይፈልግ። ለትወና ተማሪዎች የነምሪክንና የአፕልማንን ትዕይንቶች ለይተው ቢያዩ ይጠቅማቸዋል፤ ስምንቱ ተዋንያን በሎስ አንጀለሱ አውትፌስት የፊልም ፌስቲቫል የትወናውን ሽልማት በጋራ ማግኘታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ፤ ዘፈኖቹ ባይኖሩ አራት ይሆን ነበር።

ያክስቴ ልጅ ከመመለሱ በፊት ዲስኩን ሊወስድ መጣ። ሻይ አቀረብኩለት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ወደዱት?» አለኝ። እንደ ሙያዬ፣ ይህ ጥያቄ ለእኔ ብቻ ሊሆን እንደማይችል አውቃለሁ። አንድም እኔን በአክብሮት ይጠይቃል፤ አንድም ስለ ሌሎች፣ ስለ አንድ ሰው መወደድ ይጠይቃል። «አዎ» አልኩት፤ ዲስኩንም በዚያው ጋዜጣ ጠቅልዬ መለስኩለት።