የአውሮፕላን ፋየርዎል ቀዳዳ አደፋፈን ላሳዩኝ ጋሼ የቀረበ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ዳላስና አካባቢዋ ለምትኖሩ፣ በጋራዣችሁ አውሮፕላን ለምትሠሩ ወይም ለመጀመር ለምታስቡ ወገኖቼ ነው። ብዙ አይደለንም። ግን አለን፤ ቁጥራችንም እየጨመረ ነው። አንድ ሰው እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ሰውየው የድሮ የአየር መንገዳችን ቴክኒሺያን ናቸው። ቦሌ ጥገና ክፍል ውስጥ ረጅም ዘመን ሠርተዋል። እዚህ ከመጡ በኋላ የኤፍኤኤን (የአሜሪካ አቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) የመካኒክነት ፈቃድ አውጥተው እስከ ጡረታ ድረስ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ሲጠግኑ ኖረዋል። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስለማይፈልጉ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

የእኔ አውሮፕላን አርቪ-7 ነው። ኦሬገን ያለው ቫንስ ኤርክራፍት በኪት፣ ማለትም ገዢው ራሱ እንዲገጣጥመው በክፍልፋይ የሚሸጠው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ። በከፊል የተሠራ ነበር የገዛሁት። የመጀመሪያው ባለቤት ክንፉንና ጭራውን በጣም አሳምሮ ሠርቶታል። ሞተሩም ተሰቅሏል፣ ካቦዎቹም ተዘርግተዋል። ጋሼን የጠራኋቸው ሞተሩን እንዲያዩልኝ ነበር። እሳቸው ግን ሞተሩን ትንሽ ቃኘት አድርገው ወደ ፋየርዎሉ ዞሩ። ባትሪያቸውን አብርተው እያንዳንዱን ቀዳዳ አንድ በአንድ አዩ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም።

ለማታውቁት፣ ፋየርዎል ማለት ሞተሩን እኛ ከምንቀመጥበት ክፍል የሚለየው ግድግዳ ነው። ስስ የስቴንለስ ላሜራ ነው። ሞተሩ ጋ እሳት ከተነሳ አብራሪው መሬት እስኪደርስ ድረስ ጊዜ የሚገዛለት እሱ ነው። በፋብሪካ ለሚሠሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች የወጣው የአሜሪካ ደንብ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረ መለኪያ ነበረው፦ 2,000 ዲግሪ ፋራናይት የሚደርስ ነበልባልን ለ15 ደቂቃ መቋቋም። ይህ ወደ 1,093 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። 0.015 ኢንች ውፍረት ያለው ስቴንለስ፣ ማለትም ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ላሜራ፣ ያለ ተጨማሪ ሙከራ ተቀባይነት ነበረው። ቤት ውስጥ የሚሠራ አውሮፕላን በዚህ ደንብ አይገደድም። ጋሼ ግን "እሳቱ ያው እሳት ነው" ይላሉ።

ላሜራው እንዲህ ጠንካራ ቢሆንም መበሳቱ አይቀርም። የሞተሩን ጉልበት የሚጨምረውና የሚቀንሰው የትሮትል ካቦ ያልፍበታል። የሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያ) እና የፕሮፔለር ካቦም እንደዚሁ። የነዳጅ መስመር፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የማሞቂያው አየር፣ ሁሉም በዚያው ነው የሚያልፉት። የእኔዎቹ ካቦዎች የሚያልፉት በጎማ ቀለበት ውስጥ ነበር። ዙሪያቸው ቀዩን ሲሊኮን ተቀብተዋል፤ ያንን ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚገዛውን፣ ቱቦው ላይ ከፍተኛ ሙቀት ይችላል ተብሎ የተጻፈበትን። ለዓይን ንጹሕ ሥራ ነው። ብዙ ሰው አይቶት "ጎበዝ" ብሎ ያልፈዋል።

ጋሼ በቃል ሊያሳምኑኝ አልሞከሩም። ቁርጥራጭ ስቴንለስ አምጣ አሉኝ። በትራፓኖ በሳነው። አንዱ ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበትና ቀዩን ሲሊኮን አደረግን። ሌላው ላይ ከብረት የተሠራ ማሳለፊያ አስረን ዳሩን ስሪኤም ፋየር ባሪየር 2000 ፕላስ የሚባለውን የእሳት ማሸጊያ ቀባነው። ሁለቱም ውስጥ ቁራጭ ካቦ አሳለፍን። ማሸጊያው በደንብ እስኪደርቅ ጠብቀን፣ ደጅ አውጥተን በጋዝ ቶርች አነደድነው።

ጎማው ወዲያው ተቀጣጠለ። ሲሊኮኑ ጥቁር ጭስ አወጣ፣ ከዚያ ነጭ አመድ ሆኖ ተሰነጣጠቀ፣ ነበልባሉም በማዶ በኩል ብቅ አለ። ማዶው እንግዲህ የእኔና የባለቤቴ እግር የሚቀመጥበት ነው። ሁለተኛው ቀዳዳ ጋ ላሜራው ቀላ፣ የማሸጊያው ላዩ ጠቆረ፣ የካቦው የፕላስቲክ ልባስ ቀለጠ፤ ነበልባሉ ግን አላለፈም። ጋሼ ቶርቹን ሲያጠፉ ያሉኝ ይኼ ነው፦ "ልጄ፣ እሳቱን የሚይዘው ብረቱ ነው። ማሸጊያው ሥራው የቀረችውን ክፍተት መሙላት ብቻ ነው። ትልቅ ቀዳዳ በሲሊኮን አይደፈንም።"

ከዚያ በኋላ ሥራው ተጀመረ። ለሦስቱም ካቦዎች ከብረት የተሠራ ባለ ኳስ ማሳለፊያ ገዛን። ኳሷ ለሁለት የተከፈለች ናት። ካቦው መሀሏ ያልፍና፣ ኳሷ ወደ ካቦው አቅጣጫ ዞራ በቡሎን ትጠበቃለች። ካቦው ስለማይታጠፍ ትሮትሉ አይከብድም። ከአሉሚኒየም የተሠራ ተመሳሳይ ዕቃ በርካሽ አለ፤ ጋሼ እንዳልገዛው አስጠነቀቁኝ፤ አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይቀልጣል። በሞተሩ በኩል ካቦውን እሳት የሚከላከል ሽፋን አልብሰን በስቴንለስ ፋሼታ አሰርነው። መጨረሻ ላይ ማሸጊያውን ቀጠን አድርገን ዞርንበት። ሞተሩ በጎማ መቀመጫዎቹ ላይ ስለሚንቀጠቀጥ ካቦው ትንሽ ልል እንዲሆን፣ ማሸጊያው ከደረቀም በኋላ ትሮትሉን ከጫፍ ጫፍ ደጋግሜ እንድሞክር አደረጉኝ።

ሌላም አገኙ። የማሞቂያው አየር መግቢያ ሳጥን አሉሚኒየም ነበር፤ በስቴንለስ ተቀየረ። የነዳጅ መስመሩ ማያያዣ ሰማያዊ ነበር። በዚህ ሙያ ሰማያዊ አሉሚኒየም፣ ጥቁር ብረት ማለት ነው፤ እሱም ተቀየረ። ፋየርዎሉ ላይ በውስጥ በኩል የተለጠፈውን የድምፅ መከላከያ ስፖንጅም አስነሱኝ። ላሜራው ባይበሳም ሲግል ስፖንጁ እኛ በምንቀመጥበት ክፍል ውስጥ ይጨሳል።

ሁሉም ሲያልቅ ማታ መብራት አጥፍተን ሞተሩ በኩል ኃይለኛ አምፖል አበራን። እኔ ውስጥ ተቀምጬ ብርሃን የሚያሾልክ ቦታ ፈለግሁ። ሁለት የረሳናቸው የሪቬት ቀዳዳዎች ተገኙ። ይህ ሙከራ ለእሳት ብቻ አይደለም። ማርሚታው ቢሰነጠቅ ካርቦን ሞኖክሳይድ በእነዚህ ቀዳዳዎች ይገባል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ስለዚህ ጠቋሚ መሣሪያም ይኑራችሁ።

ጋሼን የማደንቅበት ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። ሥራውን ራሳቸው ሠርተው ገንዘብ መቀበል ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ደንቡ የአውሮፕላኑ አብዛኛው ሥራ ለትምህርትና ለመዝናናት ብለው በሚሠሩ አማተሮች እንዲከናወን ይጠይቃል፤ እሳቸው ይህንን ከልብ ያከብራሉ። መሣሪያውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አጠገቤ ቆመው "ቀስ በል፣ ዳዶዋን አታጨናንቃት" ይሉኛል። አሁን እያንዳንዱን ቀዳዳ በእጄ አውቀዋለሁ። ለመኪናቸው ነዳጅ እንኳ ሰጥቻቸው የተቀበሉኝ በስንት ልመና ነው።

እዚህ አካባቢ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ቅዳሜና እሁድ ይመቻቸዋል። ከመምጣታቸው በፊት የሞተሩን ሽፋን አንሱ፣ ፋየርዎሉንም ከቅባት አጽዱት፤ ቆሻሻ ላይ ማሸጊያ አይዝም፣ እሳቸውም ቆሻሻ አይወዱም።

ሌላ ስቴት ያላችሁ ደግሞ ኢኤኤን ጠይቁ። በ1953 የተቋቋመ፣ ዊስኮንሲን ኦሽኮሽ ላይ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው የአውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር ነው። ቴክኒካል ካውንስለር የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች አሉት። ልምድ ያላቸው ሠሪዎችና መካኒኮች ናቸው። ቤታችሁ መጥተው ሥራችሁን ያያሉ፣ አባል ከሆናችሁ አያስከፍሉም። ሞተሩ ከመሰቀሉ በፊት ጥሯቸው፤ ያን ጊዜ እጅም ዓይንም በቀላሉ ይደርሳል።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። እጅዎ ይባረክ። የመጀመሪያው በረራ ቀን ሲቆረጥ ደውዬ እነግርዎታለሁ፤ ከመነሳቴ በፊት ፋየርዎሉን እርስዎ እንዲያዩልኝ ነው የምፈልገው።