ጀነቲክስ ለከበዳችሁ፦ ጠባሴ ያሉትን መምህር ልጠቁማችሁ

ደብረ ብርሃን ሆናችሁ ባዮሎጂ የምትማሩ፣ በተለይ «ፕሪንሲፕልስ ኦፍ ጀነቲክስ» የሚባለው የዘር ውርስ ኮርስ ከፊታችሁ ያለ፣ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። ጠባሴ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስጠኑ አንድ መምህር አሉ። «ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፍ» ስላሉኝ አልጠራቸውም። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። ማመስገን ግን አልተከለከልኩም።

ጋሼ ትርጉም አያስጽፉም። የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁጥር ብቻ ጻፉ፤ 5474 እና 1850። የጀነቲክስ አባት የሚባለው ሜንዴል በሁለተኛው የአተር ትውልድ ላይ የቆጠራቸው ክብና የተጨማደዱ ፍሬዎች ናቸው። «ይሄ 3 ለ 1 ነው?» አሉን። መጽሐፉ ስለሚል ሁላችንም አዎ አልን። «እስቲ አሳዩኝ!» ዝም። ከዚያ አብረን አሰላነው። ድምሩ 7324 ነው። ልክ 3 ለ 1 ቢሆን ኖሮ 5493 እና 1831 መምጣት ነበረበት። ልዩነቱ 19 ፍሬ ነው። ካይ ስኩዌሩ፣ ማለትም የተቆጠረው ከተጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ የሚለካው ቁጥር፣ 0.26 ወጣ፤ ልዩነቱ የአጋጣሚ ነው ማለት የሚያስቸግርበት ወሰን ደግሞ 3.84 ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት በአጋጣሚም ይመጣል ማለት ነው። ካይ ስኩዌርን በስታቲስቲክስ ኮርስ ተምረነው አልፈናል፤ ምን እንደሚሠራ የገባን ግን ያን ቀን ነው።

ሌላ ቅዳሜ ሁለት የገብስ ዛላ ይዘው መጡ። አንዱ ባለ ሁለት ረድፍ፣ ሌላው ባለ ስድስት። አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ነን፤ ገብስ መሀል ነው ያደግነው። ረድፉን ማን ቆጥሮት ያውቃል! ባለ ሁለት ረድፉ ዶሚናንት ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚታየው እሱ ነው ማለት ነው። ሁለቱ ሲዳቀሉ የመጀመሪያው ትውልድ ወደ ባለ ሁለቱ ያደላል፤ በሁለተኛው ትውልድ ከአራት አንድ ያህሉ ባለ ስድስት ሆኖ ይወጣል። እስከዚህ ድረስ የሁሉም ሀንድአውት ላይ አለ። ጋሼ ግን ቀጠሉ፦ «ከዚህ ከሁለተኛው ትውልድ ማሳ ንጹህ ባለ ሁለት ረድፍ ዘር ምረጡልኝ።» አንዱ ልጅ «ባለ ሁለቱን መልቀም ነዋ!» አለ። ጋሼ ሳቁ። ባለ ሁለት ከሆኑት መሀል ከሦስት ሁለቱ የባለ ስድስቱን አሊል (የጂኑን ዓይነት) ይዘዋል፤ በዓይን ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ገብስ ደግሞ ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ዛላ ዘር ለየብቻ ዘርቶ ማየት ነው። ባለ ስድስት የበቀለበት መደብ ይጣላል። ሜንዴልም አብዛኛውን አተሩን የለየው የእያንዳንዱን ተክል ዘር ዘርቶ በማየት ነው። ይህችን ጥያቄ በቃሉ የሸመደደ ተማሪ አይመልሳትም።

ጥያቄ መጠየቅ አያስፈራም። አንዷ ልጅ «ስድስት ጣት በዶሚናንት አሊል የሚወረስ ከሆነ፣ ለምን ከሰው ሦስት አራተኛው ስድስት ጣት አልሆነም?» አለች። አንዳንዶቻችን ፈገግ አልን። ጋሼ ጠመኔውን አስቀምጠው «ትልልቅ ሰዎችም ተከራክረውበታል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሃርዲ የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1908 ያቺን አጭር ደብዳቤ የጻፈው ለዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው። ዶሚናንት ማለት አንድ ሰው ውስጥ ሁለት የተለያዩ አሊሎች ሲገናኙ የትኛው ይታያል ነው። ሕዝቡ ውስጥ ምን ያህል አለ የሚለው ሌላ ሒሳብ ነው። ጥቂት የነበረ አሊል ዶሚናንት ስለሆነ ብቻ አይበዛም።

ሙገሳ ብቻ እንዳይሆንብኝ ይህንንም ልናገር። ሰዓት ላይ ቀልድ አያውቁም፤ ካረፈዳችሁ በሩ ዝግ ነው። ሊንኬጅና ጂን ማፒንግ (ጂኖች አብረው መወረሳቸውና ክሮሞሶም ላይ ያላቸው ቦታ) ላይ ትንሽ ይሮጣሉ፤ አስቁማችሁ ጠይቁ፣ አይቆጡም። «የፈተና ጥያቄ ብቻ ሥራልን» ለምትሉ ደግሞ ሌላ አስጠኚ ይሻላችኋል። ክፍያቸው ከሌላው አይበልጥም፤ ቸገረኝ ያለውን ተማሪ ሲመልሱ አላየሁም።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ስልካቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ ለተማሪ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። ክፍሉ ትንሽ ነውና ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ደውሉ። የጠዋቱን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ አትርሱ።