ነጠላ ዜማ ሲለቀቅ፦ በራስ ማስተዋወቅ ወይስ ባለሙያ መቅጠር?

ለመጀመሪያ ነጠላ ዜማ ማስተዋወቁን ራሳችሁ ሥሩት፤ ገንዘቡ ለሚክሲንግ (ድምፆችን አመጣጥኖ ማዋሃድ) ይሻላል። ቲክቶክና ቴሌግራም በእጃችሁ ናቸው። ስፖቲፋይም ያልወጣ ዘፈን ለፕሌይሊስት (የዘፈን ዝርዝር) አዘጋጆቹ በነፃ እንድታቀርቡ ይፈቅዳል፤ ከመልቀቂያው ቢያንስ 7 ቀን ቀደም ብላችሁ ላኩ።

አልበም ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ኤፍኤም ጣቢያ ላይ ከማይታወቅ ሰው የመጣ ሊንክ ሳይከፈት ይቀራል፤ አዘጋጁ የሚያውቀው ባለሙያ ሲደውል ግን ስልኩ ይነሳል። ሥራውን ከመልቀቂያው ቀን 6 ሳምንት ቀደም ብሎ ይጀምር። ዋቭ (WAV፣ ያልተጨመቀ የድምፅ) ፋይል፣ ጥራት ያለው ፎቶ፣ አጭር የሕይወት ታሪክ፣ የግጥምና የዜማ ደራሲዎችን ስም አሟልታችሁ ስጡት። ዘፈኑ ከወጣ በኋላ መቅጠር ብር መበተን ነው፤ አዘጋጆች የሚፈልጉት ትኩሱን ነው። ባለሙያው «ይህን ያህል እይታ አመጣለሁ» ካለ አትፈርሙ፤ የተገዛ እይታን ዩቲዩብ ይሰርዘዋል።