ፈረቃ ወይስ ሙሉ ቀን?

አዳማ ውስጥ ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት እልካለሁ። ትልቁ በፈረቃ ይማራል፣ ትንሿ ሙሉ ቀን።

የትልቁ ተራ ጠዋት ሲሆን ቤታችን ሰላም ነው። 2 ሰዓት ገብቶ 6 ሰዓት ይወጣል። ትኩስ ምሳ ይበላል፣ ከዚያ ያጠናል (ከኳስ ከተረፈ)። ጣጣው ከሰዓት በኋላ ሲደርሰው ነው። የአዳማን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ 8 ሰዓት ላይ፣ ሒሳብ! አንድ ቀን ደብተሩን ገለጥኩት። ከላይ ያሉት መስመሮች ቀጥ ብለዋል። ወደ ታች ፊደሉ እየተንጋደደ ሄዶ መጨረሻው ጭረት ብቻ ሆኗል። እንቅልፍ ወስዶት ነበራ።

ሌላው የሚባክነው ደቂቃ ነው። 40 ደቂቃ ሲባዛ በ6 ክፍለ ጊዜ፣ በቀን 4 ሰዓት። መምህር እስኪገባ፣ ሰሌዳ እስኪጠፋ በየክፍለ ጊዜው 5 ደቂቃ ብትሄድ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት 2 ሰዓት ተኩል ሄደ ማለት ነው። ሙሉ ቀን ላይም ይባክናል፤ ግን ማካካሻ ሰዓት አለ። በፈረቃ ግን ተረኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ትንሿስ? የቤት ሥራዋን እዚያው ጨርሳ ትመጣለች። ምሳ ዕቃዋ ግን ግማሹን ይዞ ይመለሳል፣ እሷም ባጃጅ ውስጥ ታንቀላፋለች።

ምርጫው የእኔ ቢሆን ለትንንሾቹ ጠዋት ብቻ፣ ከ7ኛ ክፍል በላይ ሙሉ ቀን አደርገው ነበር። የእኔዎቹ የተገላቢጦሽ ናቸው።