ስክራይበስ ለሙዚቃ መጽሔት፦ የሚያስተምር ግን የማያባብል ሶፍትዌር

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ፣ ዝርዝሩን የፈለገ ይከተለኝ። የሙዚቃ መጽሔት ዲዛይን አድርግ የተባለ ተማሪ ስክራይበስ የተባለውን የገጽ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ይሞክር እላለሁ። ሶፍትዌሩ ዘመናዊ መልክ የለውም። አንዳንድ ቦታ ላይ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ግን መጽሔት እንዴት እንደሚሠራ ምንም ሳይደብቅ ያሳያል፤ ለሚማር ሰው ደግሞ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሥራው የታወቀ ነው። የሚዲያ ወይም የግራፊክስ ተማሪ የሆነ ሰው አንድ ቀን ይደርሰዋል፦ እስከ ዛሬ የሌለ አዲስ የሙዚቃ መጽሔት ፍጠሩ፤ ሽፋኑን፣ የማውጫውን ገጽና አንድ ባለሁለት ገጽ ጽሑፍ ሥሩ፤ ፎቶውም ጽሑፉም የራሳችሁ ይሁን። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሙዚቃ የማይወድ የለም፣ መጽሔት ያላየም የለም። እኔም ይህንኑ ሥራ የሠራሁት በስክራይበስ ስለሆነ የምጽፈው ከዚያ ተነስቼ ነው።

ስለ ሶፍትዌሩ ባጭሩ። ስክራይበስ ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። 1.0 የተባለው እትም የወጣው በ2003 ሲሆን 1.6.0 ደግሞ በጥር 2024 ወጣ (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ሥራው ገጽ ማቀናበር ብቻ ነው። ፎቶ ማረም ከፈለጋችሁ እንደ ጊምፕ ያለ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል፣ ጽሑፉንም ሌላ ቦታ ጽፎ ጨርሶ መምጣት ይሻላል። ይህ መለያየት መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። በኋላ ግን ፎቶ አንሺው፣ ጸሐፊው፣ አርታኢውና ዲዛይነሩ የየራሳቸው ሥራ እንዳላቸው ይገባችኋል፣ አራቱንም ብቻችሁን እየሠራችሁ ቢሆንም።

ትምህርቱ የሚጀምረው ገና አዲስ ዶክመንት ሲከፈት ነው። ሌሎች ቀላል መሣሪያዎች የተዘጋጀ ቴምፕሌት ደርድረው ይቀበሏችኋል። ስክራይበስ ግን ይጠይቃል። የገጹ መጠን ስንት ነው? ኅዳጉስ? ገጾቹ ነጠላ ናቸው ወይስ ትይዩ? ብሊድ ስንት ይሁን? ብሊድ ማለት ፎቶው ከገጹ ጠርዝ አልፎ የሚወጣው ትርፍ ነው፣ ብዙ ጊዜ 3 ሚሊሜትር። ወረቀት ሲቆረጥ ቢላዋው ትንሽ ይስታል፤ ፎቶው ልክ ጠርዙ ላይ ካለቀ በሽፋኑ ዳር ነጭ መስመር ይቀራል። ይህን በክፍል ውስጥ ሲነገር ሰምቶ የሚረሳ ተማሪ ብዙ ነው። ቁጥሩን ራሱ ሞልቶ የብሊዱን መስመር ከገጹ ውጭ ያየ ግን አይረሳውም።

ፎቶ ላይ ስክራይበስ ምንም ርኅራኄ የለውም፣ እኔም የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። ለኅትመት የተለመደው ልክ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚገቡ ነጥቦች) ነው። ኤ4 ገጽ 210 በ297 ሚሊሜትር ስለሆነ ሽፋኑን ሙሉ የሚይዝ ፎቶ ወደ 2480 በ3508 ፒክስል ይፈልጋል፣ ብሊዱን ሳንጨምር። አሁን ከማኅበራዊ ሚዲያ የወረደ 1080 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ ወስዳችሁ ሽፋን ላይ ዘርጉት። ወደ 130 ዲፒአይ ይወርዳል። ስክሪን ላይ እሳት የመሰለ ፎቶ ወረቀት ላይ ብዥ ይላል። ስክራይበስ ፍሬሙ (ፎቶ ወይም ጽሑፍ የሚቀመጥበት ሳጥን) ውስጥ ያለው ፎቶ ትክክለኛ ዲፒአይ ስንት እንደሆነ ይነግራችኋል፣ ፒዲኤፍ ልታወጡ ስትሉም ፕሪፍላይት የሚባለው መርማሪው ጥራቱ ያነሰውን ፎቶ፣ የጠፋውን ፋይል፣ ከሳጥኑ የተረፈውን ጽሑፍ አንድ በአንድ ዘርዝሮ ያስቆማችኋል። ማስጠንቀቂያውን አልፎ መሄድ ይቻላል። ግን አላየሁም ማለት አይቻልም።

ሽፋኑ ላይ የሚማሩት ነገር ከሶፍትዌሩ በላይ ነው። የመጽሔቱ ስም በምን ፊደል ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ሲመጣ፣ ጥያቄው እንዲያው የፎንት ምርጫ እንዳልሆነ ቶሎ ይገባል። በ1981 የተጀመረውን ኬራንግ የተባለ የእንግሊዝ መጽሔት ተመልከቱ። የስሙ ፊደላት የተሰነጣጠቁ ናቸው፤ አንድ ቃል ሳታነቡ ውስጡ ሮክና ሜታል እንዳለ ታውቃላችሁ። በ1993 የወጣው ሞጆ ደግሞ የቆዩ አልበሞችን የሚያደንቅ፣ ረጅም ጽሑፍ የማይፈራ አንባቢ አለው፣ ገጹም እንደዚያው ረጋ ያለ ነው። ሁለቱም የሙዚቃ መጽሔት ናቸው፣ ሽፋናቸው ግን አይቀያየርም። ስለዚህ ተማሪው ፎንት ከመምረጡ በፊት አንባቢዬ ማን ነው፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ ምን ይሰማል፣ የትኛው ቀለም ያስጠጋዋል የትኛውስ ያርቀዋል ብሎ መመለስ አለበት። ያንን ያልመለሰ ሰው ሥራው ላይ ያስታውቃል። ፎንት ይለዋውጣል፣ ቀለም ይለዋውጣል፣ ሌሊቱ ይነጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ታዋቂ መጽሔቶች የድምፃዊውን ጭንቅላት ከስማቸው ፊት ያመጡታል፣ ግማሽ ስማቸው ቢሸፈን ግድ የላቸውም። ያምራል፣ ሁሉም ተማሪ ይሄን መሥራት ይፈልጋል። ግን እነሱ ስማቸው ቢሸፈንም ይታወቃሉ፤ ትናንት የተፈጠረ መጽሔት ስሙ ከተሸፈነ ስም የለውም። ቢያንስ ስሙ እስኪነበብ ድረስ ይታይ። ሽፋን ከሩቅ መነበብ አለበት፣ መደርደሪያ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታየው የግራው ጠርዝ ብቻ ነው።

ይህንኑ ጭንቅላት ከፊደል ፊት የማምጣት ሥራ በስክራይበስ መሥራት ይቻላል፣ በአንድ ክሊክ ግን አይሆንም። መጀመሪያ ጊምፕ ላይ ሰውየውን ከጀርባው ቆርጣችሁ በፒኤንጂ ታስቀምጣላችሁ። ከዚያ ስክራይበስ ውስጥ ከታች ሙሉውን ፎቶ፣ ከላዩ ስሙን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተቆረጠውን ምስል በየንጣፉ (ሌየር) ትደርባላችሁ። ችግሩ የሚመጣው ፒዲኤፍ ሲወጣ ነው። ለኅትመት የሚውለው ፒዲኤፍ ኤክስ-3 ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ (ትራንስፓረንት) ምስል አይቀበልም፣ ፒዲኤፍ ኤክስ-4 ግን ይቀበላል። የትኛውን እንደሚፈልግ ማተሚያ ቤቱን ቀድሞ መጠየቅ ነው።

የማውጫው ገጽ ብዙ አያወራም። ገጽ ቁጥሩ ጎላ ይበል፣ ርዕሶቹ በክፍል በክፍል ይመደቡ፣ ሽፋኑ ላይ ቃል የተገባው ነገር እዚህ በቶሎ ይገኝ።

ባለሁለት ገጹ ጽሑፍ ግን የሥራው ልብ ነው። ስክራይበስም ጉልበቱን የሚያሳየው እዚህ ነው። ኤ4 ገጽ በግራና በቀኝ 15 ሚሊሜትር ኅዳግ ቢኖረው 180 ሚሊሜትር ይቀራል። ሦስት ዓምድ ብታደርጉት፣ በመካከላቸው 5 ሚሊሜትር ብትተዉ፣ እያንዳንዱ ዓምድ ወደ 57 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህን ሂሳብ ሶፍትዌሩም ይሠራዋል፣ ግን አንዴ በራስ እጅ መሥራት ዓምድ ከየት እንደሚመጣ ያሳያል። የዓምዶቹ መስመሮች ጎን ለጎን እኩል እንዲሄዱ ደግሞ ቤዝላይን ግሪድ አለ፣ ማለትም ፊደላቱ የሚቀመጡባቸው የማይታተሙ መስመሮች። ለዋናው ጽሑፍ 12 ነጥብ (ነጥብ የፊደልና የመስመር መለኪያ ነው) የመስመር ክፍተት ከተሰጠ ግሪዱም 12 ይደረጋል፣ በፓራግራፍ ስታይሉም (የፊደል፣ የቀለምና የክፍተት ምርጫ በአንድ ስም የሚቀመጥበት) ጽሑፉ ከግሪዱ ጋር ይታሰራል። ያን ጊዜ ገጹ ባንዴ ሥርዓት ይይዛል። አንባቢው ምክንያቱን አያውቀውም፣ ዓይኑ ግን ያርፋል።

ስታይል ያልኩትን አደራ እንዳትዘሉት። ጥያቄው በአንድ ስታይል፣ መልሱ በሌላ፣ ተነጥሎ የሚጎላው ጥቅስ በሌላ። በኋላ የጥያቄው ቀለም ይቀየር ቢባል አንድ ቦታ ነክታችሁ በሁሉም ገጽ ይቀየራል። በእጅ አንድ በአንድ ያቀለመ ሰው ግን ማስረከቢያው ሰዓት ላይ አሥር ቦታ ሲያሳድድ ያመሻል።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን ያቺ ትንሽ ቀይ ምልክት ናት። ጽሑፉ ከፍሬሙ ሲበልጥ ጥጉ ላይ ብቅ ትላለች፣ ያልገባ ጽሑፍ አለ ማለት ነው። ቀላሉ መንገድ ፊደሉን ማሳነስ ነው። ከ9.5 ነጥብ ወደ 8፣ ከዚያ ወደ 7፣ እስኪገባ። እንዲህ የተሠራ ገጽ ሲታተም ማንም አያነበውም። ትክክለኛው መንገድ ወደ ጽሑፉ ተመልሶ መቁረጥ ነው። ድምፃዊው ሁለቴ ያለውን አንዴ ማድረግ፣ ጥያቄውን ማሳጠር፣ መግቢያውን ማጥበቅ። ቃለ ምልልሱን ራሴ ስለጻፍኩት እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ይሳሳኝ ነበር፣ ገጹ ግን ቦታ የለውም። አርታኢ የሚባለው ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ እዚያ ላይ ነው። የተቆረጠው ጽሑፍ ከመጀመሪያው የተሻለ ሆነ፣ ይህን በሙሉ ልቤ እላለሁ።

ሌላው የባለሁለት ገጽ ወጥመድ መጋጠሚያው ነው። ፎቶው ሁለቱንም ገጽ ሲሸፍን የድምፃዊው ፊት መካከል ላይ ካረፈ እጥፋቱ ይውጠዋል። ርዕስም እንደዚሁ፣ ፊደል በእጥፋቱ ላይ አይጣል።

ሕግ መስበር የሚፈልግ ተማሪ ሁሌም የአሜሪካዊውን ግራፊክ ዲዛይነር የዴቪድ ካርሰንን ስም ይጠራል። እውነት ነው፣ ካርሰን በ1994 ሬይ ጋን በተባለው መጽሔት ላይ ከድምፃዊው ብራያን ፌሪ ጋር የተደረገውን ቃለ ምልልስ በሙሉ ዛፕፍ ዲንግባትስ በሚባል የምልክት ፎንት አውጥቶታል፣ አንድ ቃል አይነበብም። ግን ጽሑፉ በሚነበብ ፎንት በዚያው እትም መጨረሻ ላይ ታትሟል። ይህችን ክፍል ብዙ ሰው አይነግራችሁም። ግሪዱን አውቆ የሰበረ ሰው ያፈረሰውን ያውቃል፤ ከመጀመሪያውም ግሪድ የሌለው ገጽ ግን የተዝረከረከ ብቻ ነው።

ቀለም ላይ ስክራይበስ ጥሩ ነው፣ በተለይ ሲኤምዋይኬ (ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር የሆኑት አራቱ የኅትመት ቀለሞች) ላይ። የሙዚቃ መጽሔት የሚያበራ ሮዝና አረንጓዴ ይወዳል። እነዚያ ቀለሞች ስክሪን ላይ የሚኖሩት ብርሃን ስላለ ነው፣ በአራቱ የኅትመት ቀለሞች አይገኙም፣ ሲታተሙ ይደበዝዛሉ። የግድ ካስፈለጉ ለብቻው የሚታተም ልዩ ቀለም ይጠየቃል። ጥቁርም አንድ ዓይነት አይደለም። ለትናንሽ ፊደላት ጥቁሩ ብቻ 100 በመቶ ይሁን፤ አራቱም ቀለም ከተደረበበት፣ ኅትመቱ ጥቂት ሲዛነፍ የፊደሉ ጠርዝ ይደበላለቃል።

አሁን ወደ ድክመቱ። ረጅም ጽሑፍ በቀጥታ ገጹ ላይ ሲታረም ይንቀራፈፋል፤ የጽሑፍ ማረሚያ መስኮቱን መጠቀም ይሻላል። መቆጣጠሪያዎቹ በሁለት መስኮት ስለተከፈሉ፣ የፍሬሙ በኤፍ 2 የይዘቱ በኤፍ 3፣ እስኪለመድ ድረስ ዓይን ይንከራተታል። ፎቶዎች ዶክመንቱ ውስጥ አይገቡም፣ ካሉበት ፎልደር ነው የሚጠሩት፤ ፋይሉን ወደ ሌላ ኮምፒውተር የሚወስድ ሰው ሁሉንም አንድ ላይ የሚሰበስበውን ትዕዛዝ ካልተጠቀመ ባዶ ሳጥን ይዞ ይሄዳል። የፓንቶን ቀለሞች (በቁጥር የሚታወቁ የኅትመት ልዩ ቀለሞች) በፈቃድ ጉዳይ ከውስጡ የሉም። የኢንዲዛይን (የአዶቢ የገጽ ማቀናበሪያ) ዋና ፋይልም አይከፍትም፣ አይዲኤምኤል በሚባለው የመለዋወጫ ፋይል ሆኖ ከመጣ ግን ይሞክራል።

ከሌሎቹ ጋር ሳነጻጽረው፣ በድረ ገጽ የሚሠራውና የተዘጋጁ ቴምፕሌቶች ያሉት ካንቫ ለአንድ ቀን ፖስተር ይበልጣል፣ ቶሎ ያምራል። ግን ሽፋኑ የሚያምረው በሌላ ሰው ውሳኔ ነው፣ መምህሩ ለምን እዚህ አስቀመጥከው ሲል መልስ ይጠፋል። ኢንዲዛይን ከ1999 ጀምሮ ያለ የባለሙያ መሣሪያ ነው፣ ከስክራይበስ ይፈጥናል፣ ቅጥር የሚፈልግ ሰው ዞሮ ዞሮ መማሩ አይቀርም። የሚከራይ በመሆኑ ግን ለአንድ ትምህርታዊ ሥራ ከብዶ ይታየኛል። ስክራይበስ ላይ ፍሬም፣ ስታይል፣ ማስተር ገጽ (በየገጹ የሚደገመው ነገር የሚቀመጥበት) እና ብሊድ የገባው ሰው ኢንዲዛይን ሲከፍት የሚፈልገው ቁልፉ የት እንዳለ ብቻ ነው።

ስለዚህ፣ ጊዜ ያለውና ለምን እያለ የሚሠራ ተማሪ ይውሰደው። ነገ ጠዋት የሚያስረክብ ሰው ዛሬ ማታ አይጀምረው። በቡድን የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሁላችሁም አንድ እትም ጫኑ፤ በ1.6 የተቀመጠ ፋይል በ1.4 አይከፈትም።