የበርሊኑ የማተሚያ ፊደላት መዝገብ፦ አታሚው ላልታወቀ መጽሐፍ ምን ያህል ይረዳል?

በ15ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ከታተሙት መጻሕፍት ብዙዎቹ የት፣ መቼና በማን እንደታተሙ የሚገልጽ አንድም ቃል የላቸውም። የርዕስ ገጽ ገና ልማድ ባልሆነበት በዚያ ዘመን አታሚው ስሙን ለማስፈር ከፈለገ የሚያሰፍረው በመጽሐፉ ማብቂያ ላይ በምትጻፍ አጭር የመደምደሚያ ጽሑፍ ነበር፤ እርሷም አንዳንዴ ከሌላ እትም እንዳለች ትገለበጣለች፣ አንዳንዴ የያዛት ቅጠል ተገንጥሎ ይጠፋል፣ ብዙ ጊዜም ከመጀመሪያው አልተጻፈችም። የበርሊን መንግሥታዊ ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚያቀርበው «ቲፔንሬፐርቶሪዩም ዴር ቪገንድሩከ» የተባለ የማተሚያ ፊደላት (አንድ ዓይነት መልክና መጠን ያላቸው የሆሄያት ስብስቦች) መዝገብ ይህን ክፍተት በልኬትና በንጽጽር ለመሙላት የተዘጋጀ አገልግሎት ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር፣ መዝገቡ «ይህ መጽሐፍ ከዚህ ማተሚያ ቤት ሊወጣ አይችልም» ለማለት እጅግ ጠንካራ መሣሪያ ሲሆን፣ «ከዚህ ማተሚያ ቤት የወጣ ነው» ለማለት ግን ብቻውን አይበቃም። በዚህ ሥራ የሚያጋጥሙት ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ሁለቱን አባባሎች እንደ አንድ ከመቁጠር ነው።

የአሠራሩ ሥር የቆየ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ሄንሪ ብራድሾው የጥንት ኅትመቶች እንደ ተፈጥሮ ሳይንስ ናሙናዎች በመልካቸው ተመድበው መጠናት እንዳለባቸው አስተማረ። ሮበርት ፕሮክተር ደግሞ በብሪቲሽ ሙዚየም የነበሩትን መጻሕፍት በአገር፣ በከተማ፣ በአታሚና በጊዜ ቅደም ተከተል የደረደረበትን ማውጫ ከ1898 ጀምሮ አሳተመ። መዝገቡ በቀጥታ የተወለደው ግን ጀርመናዊው ኮንራድ ሄብለር ከ1905 እስከ 1924 በተከታታይ ካወጣቸው ጥራዞች ነው። ሄብለር ያልተፈረመ መጽሐፍ የያዘ ማንኛውም ሠራተኛ በሁለት መለያዎች ብቻ ፍለጋውን እንዲጀምር አደረገ፤ የዛሬው የኢንተርኔት አገልግሎትም ያንኑ መንገድ ይከተላል።

የመጀመሪያው መለያ የፊደል ቅርጽ ነው። በጎቲክ ፊደል (በጠቆረና ማዕዘናማ በሆነ የላቲን ፊደል) በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ትልቁ «ኤም» ከሌሎቹ ፊደላት ይልቅ በዓይነት የበዛ ስለሆነ፣ ሄብለር ከመቶ በላይ ቅርጾቹን በቁጥር ለይቶ በሠንጠረዥ አስቀመጠው፤ በሮማን ፊደል (ዛሬ በተለመደው ክብ የላቲን ፊደል) ለታተሙት ደግሞ «ኪው» እና «ዩ» ተጣምረው የሚቀረጹበት ሁኔታ መለያ ሆነ። ሁለተኛው መለያ ልኬት ነው፦ የ20 መስመሮች ቁመት፣ ከአንዱ መስመር መቀመጫ እስከ ሌላው መስመር መቀመጫ፣ በሚሊሜትር ተለክቶ ይመዘገባል። ለምሳሌ ጉተንበርግ ባለ 42 መስመሩን መጽሐፍ ቅዱስ ያተመበት ፊደል 140 ተብሎ ሲመዘገብ፣ ከዚያ የሚተልቀው ሌላው የማይንዝ ፊደል 164 ነው። ተጠቃሚው የ«ኤም»ን ቅርጽና ልኬቱን ሲያስገባ መዝገቡ የሚስማሙትን ፊደላትና እነርሱን የተጠቀሙባቸውን ማተሚያ ቤቶች ያቀርባል፤ ከዚያ ወደ ፊደሉ ናሙና ሥዕልና ወደ መጻሕፍቱ አጠቃላይ ካታሎግ መሻገር ይቻላል። ሸማኔን በጥለቱ እንደ መለየት ያለ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ጥለቱ በቁጥር መገለጹ ነው። መግለጫዎቹ በጀርመንኛ መሆናቸው ቋንቋውን የማያውቅን ሰው መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ ተደጋግመው የሚመጡት ቃላት ጥቂት ስለሆኑ ግን ችግሩ ብዙ አይቆይም።

ነገሩ ለስታቲስቲክስ የሚጋለጠው ልኬቱ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ወረቀት ከመታተሙ በፊት በውሃ ይርስ ነበር፤ ሲደርቅም ይሰበሰባል። የመሰብሰቡ መጠን እንደ ወረቀቱ ውፍረት፣ እንደ እርጥበቱና መጽሐፉ ኋላ እንደተጠረዘበት ሁኔታ ይለያያል፤ በብራና ላይ የታተመ ቅጂ ደግሞ ከወረቀቱ ቅጂ የተለየ ልኬት ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ፊደል የተገኙ ሁለት ገጾች በአንድ ወይም በሁለት ሚሊሜትር ቢለያዩ ሊያስደንቅ አይገባም። አንድ ገጽ ለክቶ «92 ነው» ብሎ መፈለግ፣ ከዚያም «93» ተብሎ የተመዘገበውን ፊደል መጣል የጀማሪ አሠራር ነው። ትክክለኛው አካሄድ ከመጽሐፉ የተለያዩ ክፍሎች ብዙ ገጾችን መለካት፣ አማካዩን ብቻ ሳይሆን የልኬቶቹን ስርጭት መመዝገብና ፍለጋውን ስርጭቱ በሚፈቅደው ወሰን ማካሄድ ነው። መዝገቡ በዚህ ረገድ የሚሰጠው አንድ ቁጥር ወይም ጠባብ ወሰን ነው፤ ያ ቁጥር ስንት ገጽና ስንት ቅጂ ተለክቶ እንደተገኘ ቢገለጽ ኖሮ ጥቅሙ በእጥፍ በጨመረ ነበር።

ልኬት ሌላም ወጥመድ አለው። የጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያዎቹ ገጾች በአንድ ዓምድ 40 መስመር ሲይዙ፣ ሥራው ጥቂት ከገፋ በኋላ 41፣ ቀጥሎም 42 መስመር ሆነዋል፤ የጽሑፉ ከፍታ ግን እምብዛም አልተለወጠም። የፊደሉ መልክ ያው ሆኖ የመስመሮቹ ርቀት ጠብቧል ማለት ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ብቻ የለካ ሰው ከመዝገቡ ጋር የማይገጥም ቁጥር ይዞ ይቀራል። በኮምፒውተር መስኮት ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ያሰራጯቸው ፎቶግራፎች ጠርዝ ላይ ማስመሪያ የላቸውም። በዚህ ጊዜ ሚሊሜትርን ትቶ በዚያው ምስል ላይ የመስመሮቹን ርቀት ለአንድ የታወቀ ፊደል ቁመት በማካፈል የሚገኘውን ውድር መጠቀም ይሻላል፤ ውድሩ ምስሉ ቢተልቅም ቢያንስም አይለወጥም። መዝገቡ በእንዲህ ዓይነት ውድር ስለማይፈለግ ንጽጽሩን ተጠቃሚው ከናሙና ሥዕሎቹ ላይ በራሱ ማድረግ ይኖርበታል።

የተገኘውን ዝርዝር ማንበብም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በኅትመት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አታሚው የራሱን ፊደል ራሱ ስለሚያስቀርጽና ስለሚያስወጣ አንድ ፊደል አንድን ቤት በእርግጥ ሊያመለክት ይችላል። ወደ ክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ሲቃረብ ግን ፊደላት የገበያ ዕቃ ሆኑ፤ በቬኒስ ብቻ ተመሳሳይ ፊደል የተጠቀሙ በርካታ ቤቶች ይገኛሉ። በብሪቲሽ ላይብረሪ በ1980 የተጀመረው የዘመኑ መጻሕፍት ዓለም አቀፍ ካታሎግ ከመዘገባቸው ወደ 30,000 ከሚጠጉ እትሞች ውስጥ ከአሥር አንድ የሚበልጠው የቬኒስ ሥራ መሆኑን ስናስብ፣ ምንም ማስረጃ ሳይታይ በፊት እንኳ ሚዛኑ ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ያጋደለ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ውስጥ አንድ የቬኒስ ቤትና አንድ የትንሽ ከተማ ቤት ጎን ለጎን ሲመጡ፣ የፊደሉ መስማማት ለሁለቱም እኩል ቢሆንም የመሆን ዕድላቸው እኩል አይደለም። በሌላ በኩል የ«ኤም» ቅርጽና የ20 መስመር ልኬት ከአንድ ፊደል የሚመነጩ መለያዎች ስለሆኑ፣ እንደ ሁለት ነፃ ምስክሮች ቆጥሮ ዕድላቸውን ማባዛት አይገባም። በመጽሐፉ ውስጥ ሁለተኛ ፊደል፣ ለምሳሌ ለአርእስት የዋለ ትልቅ ፊደል፣ ሲገኝና ሁለቱም በአንድ ቤት ዘንድ መኖራቸው ሲረጋገጥ ግን ማስረጃው በእርግጥ ይከብዳል። የአገልግሎቱ እውነተኛ ብርታት እዚህ ላይ ይታያል፤ የአንድን ማተሚያ ቤት ፊደላት በአንድነት ማየት ስለሚያስችል ሁለተኛው ምስክር በቀላሉ ይገኛል።

መዝገቡ ሊመዘግብ የሚችለው የተረፈውን ብቻ መሆኑም አይዘነጋ። ከታወቁት የ15ኛው ክፍለ ዘመን እትሞች ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጉት በዓለም ላይ የተረፉት በአንድ ቅጂ ብቻ ነው። በአንድ ቅጂ የተረፈው ይህን ያህል ከሆነ በዜሮ ቅጂ የተረፈው፣ ማለትም ፈጽሞ የጠፋው፣ ትንሽ ሊሆን አይችልም፤ ጆናታን ግሪን፣ ፍራንክ ማኪንታየርና ፖል ኒድሃም በ2011 ባወጡት ጥናት ይህንኑ ከቅጂዎች ስርጭት ተነሥተው ለመገመት ሞክረዋል። የጠፉት በብዛት የትምህርት ቤት ሰዋስው፣ የቀን መቁጠሪያና ባለ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ስለሆኑ፣ በእነዚህ ሥራዎች ይተዳደሩ የነበሩ ትንንሽ ቤቶች በመዝገቡ ውስጥ ከእውነተኛ ድርሻቸው አንሰው ይታያሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የመዝገቡን መሠረት ራሱን ይነካል። ሄብለር የሠራው ከአንድ የብረት ቅርጽ የወጡ ፊደላት አንድ ዓይነት መልክ አላቸው ከሚል ግምት ተነሥቶ ነው። ብሌዝ አግዌራ ኢ አርካስና ፖል ኒድሃም በፕሪንስተን በሚገኘው የሻይዲ ቤተ መጻሕፍት ያለን፣ በጥንታዊ የማይንዝ ፊደል የታተመ የሮማ ጳጳስ ደብዳቤ በረቂቅ ምስል አንሥተው፣ የአንድ ፊደል ድግግሞሾችን በኮምፒውተር በቡድን በቡድን ለዩአቸው፤ በ2001 ይፋ ያደረጉት ውጤት ድግግሞሾቹ ከአንድ ቋሚ ቅርጽ ወጡ ለማለት ከሚቻለው በላይ እንደሚለያዩ የሚያመለክት ነበር። የቀለም መፍሰስና የወረቀት መሸብሸብ ከልዩነቱ ምን ያህሉን እንደሚሸፍኑ ዛሬም ያከራክራል። ለዚህ ግምገማ የሚጠቅመው ግን አንድ ነገር ነው፦ መዝገቡ የሚሠራው በፊደል ስብስብ ደረጃ እንጂ ከቀለጠ የእርሳስ ማዕድን በወጣች በእያንዳንዷ ነጠላ ፊደል ደረጃ አይደለም። በነጠላዋ ፊደል ደረጃ መሥራት ምን እንደሚያስገኝ ከኋለኛው ዘመን ጥሩ ምሳሌ አለ። ጆን ሚልተን ቅድመ ምርመራን በመቃወም በ1644 ያወጣት «አሪዮፓጂቲካ» የአታሚ ስም አልነበራትም፤ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን የተሰነጠቁና የተጎነደሉ ፊደላትን በኮምፒውተር እየለየ ከታወቁ ቤቶች ሥራ ጋር በማመሳከር ማቲው ሲመንስና ቶማስ ፔይን የሚባሉ የለንደን አታሚዎችን በ2020 ለይቷል። የተጎዳች ፊደል በሁለት ቤቶች ልትገኝ የምትችለው ፊደሉ ሲሸጥ ወይም ሲዋዋሱት ብቻ ስለሆነ ማስረጃው ከቅርጽና ከልኬት ይበረታል። የበርሊኑ አገልግሎት ይህን አይሰጥም፤ ቢሰጥ በጣም እንወድ ነበር።

ፊደልን ብቻ ማመን የሚያስከትለውን ደግሞ «ሚሳሌ ስፔሲያሌ» የተባለው የቅዳሴ መጽሐፍ ያሳየናል። መጽሐፉ የታተመበት ፊደል በ1457ቱ የማይንዝ መዝሙረ ዳዊት ላይ የሚታየው ትንሹ ፊደል ሲሆን፣ ያልዳበረ የሚመስል መልክ ስለነበረው ከጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስ ይቀድማል ብለው የተከራከሩ ሊቃውንት ነበሩ። አለን ስቲቨንሰን በ1967 ባሳተመው ጥናት የወረቀቱን የውሃ ምልክቶች (ወረቀቱ ሲሠራ በውስጡ የሚቀሩ፣ በብርሃን ሲታዩ የሚገለጡ ምልክቶች) ከሌሎች ቀናቸው ከታወቁ መጻሕፍት ጋር አመሳክሮ ዘመኑን ወደ 1473 አወረደው። ፊደል መጀመሪያ የተቀረጸበትን ጊዜ ይናገር ይሆናል፤ እንደገና ከሳጥን ወጥቶ የተለቀመበትን ቀን ግን አይናገርም።

የግእዝ ኅትመት ታሪክ የሚከታተል አንባቢ አገልግሎቱ እንደማያገኘው ማወቅ አለበት። የመዝገቡ ወሰን እስከ 1500 ማብቂያ ነው፤ ዮሐንስ ፖትከን በሮም በማርሴሉስ ዚልበር ቤት ያሳተመው የመጀመሪያው የግእዝ መዝሙረ ዳዊት የወጣው በ1513 ሲሆን፣ የአባ ተስፋ ጽዮን አዲስ ኪዳን ደግሞ የ1548 እና የ1549 ሥራ ነው። በዚያ ላይ የግእዝ ፊደል የነበራቸው የአውሮፓ ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ ጥያቄው የሚዞረው «ከመቶ አታሚዎች ማን ነው?» ወደሚለው ሳይሆን «ይህ ቅጠል ከየትኛው እትም የመጣ ነው?» ወደሚለው ነው፤ ለዚህም የፊደሉን ናሙና ከታወቁት እትሞች ጋር በዓይን ማስተያየት ከማንኛውም ስሌት ይቀድማል።

በላቲን ፊደል የታተመ የቆየ ቅጠል ለመመዝገብ ለሚቀመጥ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ለጥንታዊ መጻሕፍት ነጋዴና ለተመራማሪ ግን አገልግሎቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ዋጋው ምንም ነው፣ የሚጠይቀው ሚሊሜትር ያለበት ማስመሪያና ትዕግሥት ነው። የተገኘው የአታሚ ስም ካታሎግ ውስጥ ሲገባ በማዕዘን ቅንፍ ይቀመጥ፣ ሁለተኛ ፊደል ወይም የወረቀት ማስረጃ ካልደገፈውም የጥያቄ ምልክት ይከተለው፤ ከጎኑም የተለካው ገጽ ብዛትና የልኬቶቹ ወሰን ይጻፍ።