ሄድ ስታርት ትምህርቱ ግሩም ነው፣ ግራንቱ (ከመንግስት የሚሰጠው ብር) የሚታደስበትን ቀን ግን ጠይቁ

ልጄን ሄድ ስታርት ላስገባው ወይስ ይቅርብኝ እያላችሁ በየጊዜው ለምትጠይቁኝ እናቶች አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። አስገቡ። የኛ ልጅ አሁን 4 አመቱ ነው፣ እዛ ሲማር ሁለተኛ አመቱ ነው፣ ለማዕከሉ 4 ኮከብ ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷ ለምን እንደቀረች እነግራችኋለሁ።

ለማታውቁት፣ አሜሪካ ውስጥ ከ1965 ጀምሮ ያለ የፌደራል መንግስት የህጻናት ትምህርት ፕሮግራም ነው፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ድህነትን እንዋጋ ባሉበት ሰሞን የተጀመረ። ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ ከ3 እስከ 5 አመት ላሉ ልጆች በነጻ ነው፣ ከዛ በታች ላሉት ደግሞ ኧርሊ ሄድ ስታርት የሚባል አለ። ዴይኬር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጁ በገባ በ45 ቀን ውስጥ ጆሮውን አይኑን ሁሉ ያዩታል፣ የኛ ልጅ አነጋገሩ እንደዘገየ ያወቁት እነሱ ናቸው። እኛማ ቤት አማርኛ ውጪ እንግሊዝኛ ስለሚሰማ ነው፣ ደግሞ ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ቆይቶ ነው እየተባልን ዝም ብለን ነበር እኮ። አሁን በሳምንት ሁለቴ የንግግር ባለሙያ እዛው ክፍሉ ድረስ መጥታ ታሰራዋለች። ያለፈው ሴፕቴምበር "ውሃ ስጪኝ" ብሎ ሁለት ቃል አገናኝቶ ሲጠይቀኝ ብርጭቆውን ይዤ ማልቀስ ነው የጀመርኩት።

ምግቡንም ልንገራችሁ። አስተማሪዎቹ ከልጆቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ይበላሉ፣ ምግቡ በትልቅ ሳህን መሀል ይቀመጥና ልጁ ራሱ በማንኪያ ቀድቶ ሳህኑን ለጎኑ ያሳልፋል፣ ቢደፋም ማንም አይቆጣውም። ከበሉ በኋላ ስማቸው በተጻፈበት ብሩሽ ጥርሳቸውን ይፋቃሉ። ልጄ ቤት ውስጥ ወጡን "ለአባባ" እያለ ማሳለፍ የጀመረው ከዛ ተምሮ ነው።

እንግዲህ ችግሩ ጋ ስንመጣ፣ በ2025 ኦክቶበር 1 ኮንግረስ በጀት ሳያጸድቅ ቀርቶ መንግስት ሲዘጋ (በጀት ያልጸደቀላቸው መስሪያ ቤቶች ስራ ሲያቆሙ ማለት ነው) እኛን አይነካንም ብዬ ነበር፣ ምክንያቱም በማግስቱም ትምህርት ነበር በሳምንቱም ነበር። ለካ ነገሩ እንዲህ ነው፣ የሄድ ስታርት ብር ከዋሽንግተን በቀጥታ ፕሮግራሙን ለሚያካሂደው የአካባቢው ድርጅት ነው የሚመጣው፣ እያንዳንዱ ድርጅት ደግሞ ግራንቱ የሚታደስበት የራሱ ቀን አለው። ቀኑ ቀደም ብሎ የታደሰለት የአመቱ ብር አለውና ይቀጥላል፣ የኛ ኖቬምበር 1 ስለሆነ ተዘጋ። ያው አንድ ፕሮግራም፣ የጓደኛዬ ልጅ ክፍል ገብታ ስትማር የኔ ቤት ቁጭ አለ። እንደኛ ኖቬምበር 1 ብራቸው የሚያልቅ ፕሮግራሞች ከ130 በላይ ነበሩ፣ ልጆቹም ወደ 59,000 ይጠጋሉ። ፉድ ስታምፑም (መንግስት ለምግብ መግዣ የሚሰጠው እርዳታ) በዛው ሰሞን ነው የቆመብን፣ ስለዚህ ልጁ ክፍል የሚበላው ቁርስና ምሳም ቀረ፣ ቤት የምንገዛበትም ቀረ።

ማዕከሉ ውስጥ አንዲት ሀበሻ ረዳት አስተማሪ አሉ፣ እትዬ ነው የምላቸው። አርብ ኦክቶበር 31 ልጄን ልወስድ ስሄድ የልጆቹን እቃ በየፌስታሉ እያደረጉ ይሰጣሉ፣ የጥርስ ብሩሹን፣ ቅያሪ ልብሱን፣ የሚለማመድባቸውን የስዕል ካርዶች። "እትዬ እርስዎስ እንዴት ሊሆኑ ነው?" ስላቸው "ልጄ፣ እኛም ከሰኞ ጀምሮ ቤት ነን፣ ደሞዝም የለም፣ እግዜር ያውቃል" አሉኝ። የፌደራል ሰራተኛ ቢሆኑ ኖሮ በ2019 የወጣው ህግ መንግስት ሲከፈት ያለፈው ደሞዝ ይከፈላችሁ ይላል፣ እሳቸው ግን የድርጅቱ ቅጥር ስለሆኑ ህጉ አይነካቸውም። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እኛ ቤት የሆነው ባለቤቴ ሌሊት ነድቶ ጠዋት ይገባና ሳይተኛ ልጁን ይጠብቃል፣ እኔ የአረጋውያን እንክብካቤ ስራዬን ሁለት ሺፍት ለቀቅኩ። ኖቬምበር 12 በ43ኛው ቀን መንግስት ተከፈተ ተባለ፣ ግን ወረቀቱ አልቆ ብሩ እስኪለቀቅ ልጄ ክፍል የተመለሰው ከሳምንት በኋላ ነው። ሲመለስም በሩ ላይ እግሬን ይዞ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን አለቀሰ፣ የንግግር ባለሙያዋም ወደኋላ ሄደን እንጀምራለን አለችኝ።

የሚያናድደኝ መፍትሄው የታወቀ መሆኑ ነው። በ2013 መንግስት 16 ቀን ሲዘጋ የተወሰኑ ማዕከላት ተዘግተው ጆንና ሎራ አርኖልድ የሚባሉ ባለጸጋ ባልና ሚስት 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተው ነው የተከፈቱት፣ የህጻናት ትምህርት በሰው ቸርነት መትረፍ ነበረበት? ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ 35 ቀን ሲዘጋ ደግሞ ሄድ ስታርት አልተነካም፣ ምክንያቱም ሄድ ስታርት ያለበት የጤናው መስሪያ ቤት በጀት አስቀድሞ ጸድቆ ነበር። የወታደር ጡረተኞች ህክምና እኮ በጀቱ ከአንድ አመት በፊት ነው የሚጸድቀው፣ መንግስት ቢዘጋም ሀኪማቸው ጋ ይሄዳሉ። ለነሱ የተቻለው ለ4 አመት ልጅ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም፣ ለኮንግረስ ተወካዬ ቢሮ ደውዬም ይሄንኑ ነው ያልኩት፣ እናንተም ደውሉ።

ልትመዘገቡ ስትሄዱ መጀመሪያ ግራንታችሁ መቼ ነው የሚታደሰው ብላችሁ ጠይቁ፣ ኦክቶበር ወይ ኖቬምበር ከሆነ ብሩ ቢዘገይ ከባንክ ብድር አላችሁ ወይ፣ ከተማው ወይ ስቴቱ ይሸፍናል ወይ በሉ። ፌደራሉ ብር አጠራቅመው እንዲያስቀምጡ አይፈቅድላቸውም፣ ስለዚህ "ጥቂት ቀን እንቆያለን" ሲሏችሁ በምን ብር እንደሆነ ጠይቁ።

የቀረችዋ ኮከብ ታዲያ ለዚህ ነው፣ የኛ ማዕከል ቀኑን እያወቀ የነገረን ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ለአስተዳደሩ ስናገር ቤተሰቡን ላለማስጨነቅ ብለን ነው አሉኝ፣ እኔ ግን ወር ሙሉ ተጨንቄ ሞግዚት ብፈልግ ይሻለኝ ነበር። ከዛ በኋላ ፖሊሲ ካውንስሉ (ስለ ፕሮግራሙ የሚወስነው ምክር ቤት) ውስጥ ገባሁ፣ በህጉ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ወላጆች ናቸውና የምንለው ይሰማል። መዘጋት የሚያሰጋ ከሆነ ከ21 ቀን በፊት በጽሁፍ ይነገረን ብለን ድምጽ ሰጥተን አሳልፈናል፣ የሚቀጥለው ኖቬምበር ሲመጣ ደብዳቤው በጊዜው ከደረሰኝ ኮከቧን እጨምራለሁ።